ማዳንና ማስታመም

በቋንቋችን ስለ በሽተኛ ስንናገር የምንጠቀምባቸው ሦስት ቃላት አሉ፤ ማዳን፥ ማከም፥ ማስታመም። በዕለት ንግግራችን አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ እንገኛለን እንጂ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ማዳን ውጤት ነው፤ በሽታው ተወግዶ በሽተኛው በእግሩ ሲቆም የሚነገር ነው። ማከም የዕውቀት ሥራ ነው፤ የተማረ ሰው ሕመሙን መርምሮ፥ መድኃኒቱን መርጦ የሚፈጽመው ተግባር ነው። ማስታመም ግን ከሁለቱም ይለያል። ቃሉ ራሱ ከሕመም የወጣ ነው፤ አስታማሚ ማለት እርሱ ሳይታመም ከታመመው ጋር በሕመሙ ውስጥ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስቱ አብረው በሚገኙበት ጊዜ ክርክር የለም። የታመመውን እናስታምማለን፤ ሐኪም ያክምልናል፤ ፈቃዱ ከሆነም ይድናል። ጥያቄ የሚነሣው ሲለያዩ ነው። ማዳን የማይቻል መሆኑ ከታወቀ በኋላ፥ ማከምም የበሽታው ምክንያት ስላልታወቀ በግምት የሚሄድ ሲሆን፥ ማስታመም ብቻውን ምን ዋጋ አለው? ይልቁንም በሽተኛው ሰው ሳይሆን እንስሳ ሲሆን፥ ያውም የማንም ያልሆነ እንስሳ ሲሆን፥ ለእርሱ የምናጠፋው ጊዜና ገንዘብ ደግነት ነውን? ወይስ ቅንጦት? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጃፌ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰ ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል።

የምሠራው በሐሙሲት ነው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው ሐሙስ ገበያዋ ነው። በዚያን ቀን ከየገጠሩ ጤፉ፥ ዳጉሳው፥ በቆሎው በአህያና በጋሪ ተጭኖ ይገባል። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበትም ድመት ትፈለጋለች። ስለዚህ ድመት በከተማችን የተናቀች እንስሳ አይደለችም፤ ዳሩ ግን የምትከበረው በሥራዋ ነው። አይጥ የምትይዝ ድመት ባለቤት አላት፤ የማትይዝ ግን ባለቤት የላትም። ስለ ድመት ያለን አስተሳሰብ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ክፉ ነው ለማለትም አልደፍርም። ድመትና ሰው አብረው መኖር የጀመሩት የሰው ልጅ እህል ማከማቸት ከጀመረ ወዲህ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉና፥ ውላችን ከመጀመሪያውም የጎተራ ውል ነበር።

በአንድ የሐምሌ ማታ ከቢሮ ስመለስ፥ ዝናቡ እንዳባራ፥ ከአስፋልቱ ዳር ካለው የውሃ ቦይ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባይ አንዲት ግልገል ድመት ግማሽ አካሏ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ትጮኻለች። ባወጣት ትሞታለች፥ ባላወጣትም ትሞታለች ብዬ አሰብሁ፤ ሆኖም እጄ ከአሳቤ ቀደመና አወጣኋት። ቤት ወስጄ በጨርቅ አድርቄ ወተት ሰጠኋት። አልሞተችም። ስምም አላወጣሁላትም፤ አገሩ ሁሉ ድመትን በሚጠራበት ስም ውሮ እያልሁ ጠራኋት።

ከእኔ ጋር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ፥ ከዚያም የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራ ባልንጀራ አለኝ። ለመስቀል በዓል ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ እኔም ቤት ጎራ አለ። ውሮን አንሥቶ ድዷን ገለጥ አድርጎ ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር። ለደንበኞቹ ድመቶች ከሚይዘው መመርመሪያ አንድ በቦርሳው ውስጥ ነበረውና ከእግሯ ጥቂት ደም ቀድቶ ጠብ አደረገበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁለት መሥመር ታየ። «ሉኪሚያ ነው» አለኝ። በሰው ላይ የደም ካንሰር የምንለውን ስም በድመት ላይ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባልንጀራዬ እንዳስረዳኝ የድመት ሉኪሚያ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ይህን ቫይረስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ያገኘው ዊልያም ጃሬት የተባለ በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ቫይረሱ ደም የሚፈጠርበትን መቅኔ ያደክማል፤ ከበሽታ የሚከላከለውን የሰውነት ኃይል ያሳጣል፤ በአንዳንዶቹም ካንሰር ያመጣል። የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሲላላሱ፥ ከአንድ ሳሕን ሲበሉ፥ ሲነካከሱ፥ እናትም ልጇን ስታጠባ። ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያ ክትባት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገኝቷል፤ ከያዘ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። በሽታው ሥር የሰደደባቸው ድመቶች ብዙዎቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ አይቆዩም። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ፥ «እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ግዴታዬ ግን ግልጽ ነበር። አከራዬ በዚያው ግቢ ሌላ ድመት ከነግልገሎቿ ነበረቻቸው። ለውሮ ስል እነዚያን ብጎዳ ርኅራኄዬ ለአንዲቱ በረከት፥ ለአምስቱ መርገም በሆነ ነበር። ስለዚህ ውሮን በክፍሌ ውስጥ ዘግቼ ማሳደር፥ ሳሕኗንም ለብቻ መለየት ጀመርሁ። ርኅራኄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሮጥ ስሜት ብቻ ከሆነ የሚያጠፋው ከሚያለማው እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ገባኝ።

በጥቅምት አጋማሽ ውሮ መብላት ተወች። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ባልንጀራዬ ትቶልኝ በሄደው የሙቀት መለኪያ ብለካት 40 ዲግሪ ከግማሽ ሆነ፤ የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። በስልክ ጠራሁት። አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው ነክሳ እንደ ሆነ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ሰውንም የሚገድል ስለ ሆነ፥ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። አልነከሰችም። ቀጥሎ ቁስል፥ እብጠት፥ ሳል፥ ተቅማጥ እንዳለባት ጠየቀኝ። አንዱም አልነበረም። የወረዳችን የእንስሳት ሐኪምም ሥራው ከአባ ሰንጋና ከአባ ጎርባ ጋር ሆኖ ሳለ፥ ሳይንቀኝ መጥቶ አያት፤ እርሱም ምክንያቱን አላገኘም። ሁለቱ በስልክ ተማክረው ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት ለሙከራ አዘዙላት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንዳለ ነበር። ባልንጀራዬም፥ «ከሉኪሚያው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ድካሟን ተጠግቶ ከገባ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። አላውቅም» አለኝ። የተማረ ሰው አላውቅም ሲል የሚሰማው ሰው ይፈራል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበርሁት።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ እማሆይ ውሮ መታመሟን ሰምተው ግማሽ የፓራሲታሞል ክኒን በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፥ እኔን ራሴን ሲያተኩሰኝ የሚያሽለኝ ይኸው ነው፤ እርሷም ነፍስ ናት» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኋቸው፤ ከመስጠቴ በፊት ግን ባልንጀራዬን ጠየቅሁት። በስልክ ጮኸብኝ። ለሰው መድኃኒት የሆነው ያ ክኒን ለድመት መርዝ ነው፤ የድመት ጉበት ሊፈጨው ስለማይችል ቀይ ደሟን አበላሽቶ ይገድላታል። የእማሆይ ደግነት እውነተኛ ነበር፤ ክኒኑን ብሰጣት ኖሮ ግን ውሮ በደግነት በሞተች ነበር። ከዚህ የተማርሁት ነገር አለ። ማስታመም ዕውቀትን አይጠብቅም፤ ዕውቀትን ግን አይንቅም። አስታማሚ የማያውቀውን ነገር አለማድረጉም ከማስታመሙ የሚቆጠር ነው።

ታዲያ የሚደረገው ምን ቀረ? እጅግ ትንሽ ነገር። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከአፏ ጎን ጥቂት በጥቂት ውሃ ማጠጣት፤ ክኒኑን ካዋጧት በኋላ ጉሮሮዋን እንዳያቆስላት ውሃ ማስከተል፤ ድመት ለብዙ ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ስለሚታወክ፥ ሽታው እንዲስባት ሥጋ ቀቅሎ ለብ እያለ ማቅረብ፤ ጨርቋን መለወጥ፤ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን መዝግቦ መያዝ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ሉኪሚያን አያድንም፤ ትኩሳቱንም አይገልጠውም። ሌሊት ተነሥቼ ውሃ በማጠጣበት ጊዜ፥ «የምትሠራው ምንድን ነው? ምን ለማግኘት?» የሚል ድምፅ ከውስጤ ይሰማኝ ነበር።

የውጭ ድምፅም አልጠፋም። አከራዬ ሰው ወዳድ ናቸው፤ ነገር ግን፥ «በከረጢት አድርገህ ማዶ ብትጥላት ከጭንቀትም ትገላገላለህ» ብለው መከሩኝ። ይህ በአገራችን የተለመደ ምክር ነው። ጠለቅ ብለን ካየነው ግን ከረጢቱ የሚጠቅመው ለድመቷ ሳይሆን ለዓይናችን ነው፤ ሥቃይዋን ከማየት እንድናለን እንጂ እርሷ ከሥቃይዋ አትድንም። ባልንጀራዬ በበኩሉ ሥቃይዋ ከሕይወቷ የከበደ እንደ ሆነ ሐኪም በመርፌ ያለ ጭንቀት ሊያሳርፋት እንደሚችል ነግሮኛል። ሁለቱ ምክሮች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መጨረሻቸው ሞት ነውና። ልዩነታቸው ግን አንዱ በሽተኛውን አይቶ የሚደረግ፥ ሌላው በሽተኛውን ላለማየት የሚደረግ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቡና ሰዓት የተናገረው ነው። «አገሩ የሚበላው ያጣ፥ የሚያስታምመው ያጣ ሰው ሞልቶበት አንተ ለድመት ሥጋ ትቀቅላለህ!» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ይልቁንም ለሰው ከማዘን የመጣ ነበር። እንዲህ ላለው ነገር የሚሰጥ መልስ በመጽሐፍ ሞልቷል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰውም ላይ መጨከንን እንደሚለምድ፥ ለእንስሳ የሚራራም ልቡን ለሰው እንደሚያለሰልስ አስተምሯል። እንግሊዛዊው ቤንታም ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ስለ እንስሳ ሲነሣ ሊመዘን የሚገባው የማሰብ ወይም የመናገር ችሎታቸው ሳይሆን መከራ የሚሰማቸው መሆኑ ነው ሲል ተከራክሯል። እኛም ዘንድ ቢሆን ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ከአንበሳና ከነብር ጋር ቆመው፥ የተጠማች ወፍም ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። እስላም ወገኖቻችንም የነቢዩ ባልደረባ የነበሩትን አቡ ሁረይራን ያስታውሳሉ፤ የቅጽል ስማቸው ትርጓሜ የግልገሏ ድመት አባት ማለት ነው። በተጨማሪም ለሰው የሚጠቅም ነገር ቢፈለግ፥ የድመትን ሉኪሚያ ሲያጠና የኖረው ማክስ ኤሴክስ የተባለው የእንስሳት ሐኪም፥ ኤድስ በተነሣ ጊዜ ስለዚያ በሽታ ከመረመሩት ስመ ጥሩ ሊቃውንት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ በድል አድራጊነት ነገርሁት። ያመነኝም መሰለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን የደረሰብኝ ነገር መልሴን ሁሉ አፈረሰው።

የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው። ውሮ ከታመመች ጀምሮ በየጠዋቱ ስገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፥ «ድመቷስ እንዴት አደረች?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። እኔም፥ «ትኩሳቱ አልለቀቃትም» ወይም፥ «ዛሬ ጥቂት በላች» ብዬ አልፋለሁ። በዚያን ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ፥ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ አየሁና፥ «ጋሼ፥ ምን ሆነዋል?» አልኋቸው።

«ትንሿ ልጄ ናት» አሉኝ። «ንዳድ ይዟታል፤ ይኸው አራት ቀኗ። እናቷ ለአጨዳ ገጠር ወርዳለች። እኔም በሩን ለማን ትቼ ልውሰዳት ብዬ፥ ይለቃታል ስል ሰነበትሁ።»

አራት ቀን! በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ስለ ድመቴ ትኩሳት አራት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ እኔ ግን ስለ ልጃቸው አንድ ጊዜ አልጠየቅሁም። ልጃቸው እንደ ታመመች አለማወቄ ምክንያት ሊሆነኝ አልቻለም፤ ያላወቅሁት ስላልጠየቅሁ ነውና። ለኃላፊያችን ነገርሁ፤ እኔም ዘበኛው እስኪመለሱ ድረስ መዝገቤን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። እርሳቸው በባጃጅ ልጃቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱ። ከጣቷ ደም ተወስዶ ቢመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ኳርተም ተሰጣት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ልጅቱ አባቷ አጠገብ በር ላይ ተቀምጣ ቆሎ ስትበላ አየኋት።

ካንት ለእንስሳ የራራ ልብ ለሰውም ይለሰልሳል ያለው፥ በእኔ ላይ በራሱ ጊዜ ሲፈጸም አላየሁትም። ለድመት ሌሊት የምነሣው ሰው በቀን በአጠገቡ የሚቆመውን አባት አላየሁም። እንግዲህ ባልደረባዬ እውነቱን ነበር ልበል? ድመቷ የልጅቱን ድርሻ ወስዳባት ነበርን?

ብዙ ካሰብሁበት በኋላ ያገኘሁት መልስ አይደለም የሚል ነው፤ ነገር ግን ይህ መልስ እኔን ነጻ አያወጣኝም። ልጅቱ የጎደላት ምን ነበር? ሥጋ አልነበረም፤ ወተት አልነበረም፤ መድኃኒቱም በጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው። የጎደላት አባቷን ለግማሽ ቀን በሩ ላይ የሚተካ ሰው ነበር፤ ከዚያም በፊት አንድ ጥያቄ ነበር። ለውሮ ከማደርገው አንዱንም ሳልቀንስ ያን ጥያቄ መጠየቅ በቻልሁ። ድመቷን ከመጀመሪያው ቀን ማዶ ጥያት ቢሆን ኖሮስ ስለ ልጅቱ እጠይቅ ነበርን? እጠይቅ ነበር ብዬ ራሴን ማታለል አልፈልግም። ርኅራኄ በጎታ እንዳለ እህል አይደለም፤ ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። ነገር ግን ርኅራኄ በራሱ እግር አይሄድም፤ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ ሰው ሊወስደው ይገባል። የእኔ ጥፋት ለድመት መራራቴ ሳይሆን፥ ርኅራኄዬን በክፍሌ ውስጥ ከድመቷ ጋር ዘግቼ ማሳደሬ ነበር።

በዚህ ላይ ግን ወሰን ማኖር ይገባል። ጊዜና ገንዘብ እንደ እህል የሚሰፈሩ ናቸው። አንድ ብር ብቻ ኖሮኝ ልጅቱም ውሮም በአንድ ሰዓት ቢታመሙ፥ ብሩ የልጅቱ ነው፤ በዚህ የሚከራከር ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አልወግንም። ዳሩ ግን፥ «ሰው እያለ ለእንስሳ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲህ ያለ የቸገረ ምርጫ በቀረበ ጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለእንስሳውም ለሰውየውም ምንም ሳናደርግ ለመቀመጥ ስንፈልግ ነው። ቃሉን የሚናገር ሰው እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ለእንስሳው የከለከለውን ይዞ ወደ ሰውየው ሲሄድ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የልጅቱ ንዳድ ስም ነበረው፤ ስም ስለ ነበረውም በሦስት ቀን መድኃኒት ሸሸ። የውሮ ትኩሳት ስም አልነበረውም። ስም የሌለውን በሽታ ማስታመም ከንቱ ነውን?

በዚያ ሰሞን ኅዳር 12 ደረሰ። በብዙ ከተሞች በዚህ ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የደረሰውን መቅሠፍት የሚያስታውስ ነው። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ያ ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ሲገባ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አለቀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ በወሩ ስም ጠራው፤ ሌላ ስም አላገኘለትምና። በሰው ላይ ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ በእንግሊዝ አገር የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ነው፤ ይህም መቅሠፍቱ ካለፈ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያ ኅዳር ለጎረቤቷ ውሃ ያቀበለች፥ እሳት ያነደደች፥ ፊት ያበሰች ሴት ሁሉ የምታስታምመው ስሙን የማታውቀውን በሽታ ነበር። ዕውቀት እስኪመጣ ድረስ እጇን ሰብስባ ብትጠብቅ ኖሮ 15 ዓመት በጠበቀች ነበር።

ስሙ ሲታወቅም ቢሆን ማስታመም ሥራ አይፈታም። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ያረጋገጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል አልፎ፥ በ1958 እ.ኤ.አ. በደጋው የአገራችን ክፍል ወባ በተነሣ ጊዜ፥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። በሽታው ይታወቅ ነበር፤ መድኃኒቱም ይታወቅ ነበር፤ ዕውቀቱና መድኃኒቱ ግን በሽተኛው ካለበት ጎጆ አልደረሱም። በዚያ ጎጆ ውስጥ የደረሰው አስታማሚ ብቻ ነበር።

በልጅነታችን ሁላችንም የሰማነው የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በመጨረሻ የተመዘነለት ለአንድ በቁስል ለተመታ፥ በውሃ ጥም ለተያዘ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውሃ ነበር። ታሪኩን ስንሰማ ሁላችንም የምናስበው ስለ ኃጢአተኛው መዳን ነው። እኔ ግን ሌሊት በሲሪንጅ ውሃ ሳጠጣ ስለ ድኻው አሰብሁ። ያ ጥርኝ ውሃ ቁስሉን አላዳነለትም፤ ጥሙንም ለዘለዓለም አላጠፋለትም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሳይጠማ አይቀርም። ሆኖም ውሃው በሚዛን ላይ ክብደት ነበረው። ሚዛኑ የመዘነው የዳነውን በሽታ ሳይሆን የተዘረጋውን እጅ ነበር።

የውሮ ትኩሳት በኅዳር መጨረሻ ለቀቃት። እንዴት እንደ መጣ አላወቅንም፤ እንዴት እንደ ሄደም አላወቅንም። መድኃኒቱ አዳናት ለማለት አልደፍርም፤ ውሃዬ አዳናት ማለትማ ትዕቢት ነው። ታኅሣሥንና ጥርን በመስኮቴ ፀሐይ እየሞቀች ከረመች፤ አንድ ቀንም አይጥ ይዛ አምጥታ ጫማዬ አጠገብ አኖረች። በየካቲት ግን ትኩሳቱ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ድዷ ጨርሶ ነጣ፤ በአምስተኛው ሌሊት፥ ሊነጋ ሲል፥ ሐኪም ሳያስፈልጋት ሞተች።

ጠዋት ወደ ቢሮ ስገባ ዘበኛው እንደ ልማዳቸው ተነሥተው፥ «ድመቷስ?» አሉኝ።

«ሞተች» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ሰው ለሞተበት ሰው የሚባለውን ቃል፥ ለድመት መባል እንደሚገባው ያልተረጋገጠላቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ምን ይደረግ፤ አስታመው ቀበሩ» አሉኝ።

ይህ ቃል በየለቅሶ ቤቱ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ወንድሙን በድንገት ያጣ፥ ልጁ በሰው አገር የሞተችበት ሰው ከሁሉ የሚያቃጥለው ሳያስታምም መቅረቱ ነው። አስታሞ የቀበረ ግን በሽተኛው ባይድንለትም አንድ ነገር እንደ ፈጸመ ይቆጠርለታል፤ መጽናኛውም ይኸው ነው። እኔ በመጽሐፍና በክርክር ስፈልገው የነበረውን መልስ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ በሁለት ቃል ሲናገረው ኖሯል። ማዳን የእኛ አይደለም፤ ማከም የአንዳንዶቻችን ነው፤ ማስታመም ግን የሁላችንም ነው።

አሁን በየጠዋቱ በሩን ሳልፍ፥ አስቀድሜ የምጠይቀው እኔ ነኝ።